የክረምት ልምምድ ለጀማሪ የብስክሌት ተወዳዳሪዎች፦ የ12 ሳምንት መመሪያ ከባሕር ዳር መንገዶች ጋር

ሰኔ ግም ሲል አንድ ጥያቄ ይደጋገምብኛል። «ዝናቡ ገባ፤ እስከ መስከረም ልምምድ ላቁም? ካላቆምኩስ ምን ልሥራ?» የሚጠይቁኝ አብዛኞቹ ባሕር ዳር ውስጥ ሳይክል እየነዱ ያደጉ ልጆች ናቸው። አንዳንዶቹ አንድ ሁለት ውድድር ሞክረዋል። ሌሎቹ በመጪው በጋ ሊሞክሩ አስበዋል። ለእያንዳንዱ በተናጠል ከመመለስ ሁሉንም እዚህ አስቀምጬዋለሁ።

መልሱ ባጭሩ ይሄ ነው፦ አታቁሙ፤ ግን ቀስ ብላችሁ ንዱ። በክረምት የምንሠራው አቅም ነው፤ ፍጥነቱ በበጋ ይመጣል። በዝግታና ለረጅም ሰዓት ስትነዱ ልብ በአንድ ምት የሚረጨው ደም ይጨምራል። ጡንቻ ውስጥ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይበዛሉ። ጡንቻው ስብ እያቃጠለ መሥራት ስለሚለምድ የተከማቸው ስኳር ለውድድሩ መጨረሻ ይተርፋል። ይሄ ሁሉ በአንድ ሳምንት አይመጣም፤ ወራት ይፈልጋል። 12 ሳምንት የያዝኩት ለዚህ ነው። ሰኔ 15 አካባቢ ባለው ሰኞ ከጀመራችሁ እንቁጣጣሽ ላይ ትጨርሳላችሁ።

መመሪያው 16 ዓመት ለሞላውና ሳያርፍ አንድ ሰዓት መንዳት ለሚችል ሰው ነው። ስትነዱ ደረታችሁን የሚወጋችሁ፣ ራሳችሁን ስታችሁ የምታውቁ ወይም አስም ያለባችሁ መጀመሪያ ሐኪም ጋ ሂዱ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- በቁመታችሁ ልክ የሆነ ሳይክል። የእሽቅድምድም ካልሆነ ማውንቴን ባይክም ለክረምት ይበቃል።
- ሄልሜት። ያለ እሱ አትውጡ።
- ሁለት ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ መለጠፊያ፣ ጎማ ማውለቂያና በኪስ የሚያዝ መንፊያ።
- ባለ ስድስት ጎን የብሎን መፍቻዎች።
- የፊትና የኋላ መብራት። ለጨለማ ብቻ አይደለም፤ ዝናብ ሲወርድ ሹፌር የሚያያችሁ በእሱ ነው።
- ፓራፋንጎ፣ ቢያንስ ለኋላው ጎማ።
- ሁለት የውሃ ኮዳ።
- ቀላል የዝናብ ጃኬት፤ ለስልክና ለብር ውሃ የማያስገባ ፌስታል።
- ቢያንስ ሁለት የሳይክል ቁምጣ። አንዱ ሲታጠብ በክረምት ቶሎ አይደርቅም።
- የካቴና ዘይት፣ አሮጌ ጨርቅ፣ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ።
- የእጅ ሰዓት። የልብ ምት መለኪያ ካላችሁ ጥሩ፤ ከሌላችሁ ያለ እሱም ይሠራል።
- ደብተርና እስክሪብቶ።

1. ኮርቻውን በልካችሁ አስተካክሉ

ልምምድ ሳትጀምሩ ይሄን ጨርሱ። በክረምቱ ብዙ ሺህ ጊዜ ፔዳል ትመታላችሁ። ኮርቻው ጥቂት ሚሊ ሜትር ከተሳሳተ ጉልበት ይከፍለዋል።

ቀላሉ መንገድ ይሄ ነው። ግድግዳ ተደግፋችሁ ኮርቻ ላይ ተቀመጡ። ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ አድርጉና ፔዳሉን እስከ ታች አውርዱት። እግራችሁ ቀጥ ማለት አለበት፤ ዳሌያችሁ ግን ወደ ጎን መዘንበል የለበትም። ከዚያ የእግራችሁን ፊት፣ ከጣቶቹ ሥር ያለውን ሰፊ ክፍል፣ ፔዳሉ ላይ ስታደርጉ ጉልበታችሁ በትንሹ ይታጠፋል። ትክክለኛው ቁመት ይሄ ነው።

በሜትር መለካት ለሚፈልግ፦ ጫማ አውልቁና ግድግዳ ተጠግታችሁ ቁሙ። መጽሐፍ በእግራችሁ መሃል አጥብቃችሁ ወደ ላይ ያዙ። ከወለሉ እስከ መጽሐፉ ጫፍ ያለውን ለኩና በ0.883 አባዙት። 82 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 72.4 ይመጣል። ፔዳሉ ከሚዞርበት መሃል እስከ ኮርቻው አናት ያለው ርቀት እሱን ያህል ይሁን።

ጉልበታችሁን ከፊት ለፊት ካመማችሁ ኮርቻው ዝቅ ብሏል ማለት ሊሆን ይችላል። ከኋላ በኩል ካመማችሁ ደግሞ ከፍ ብሎ ይሆናል። ስትቀይሩ በአንድ ጊዜ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ አትቀይሩ፤ ሁለት ሦስት ቀን ነድታችሁ እዩት። ልኩን ስታገኙ የኮርቻው ዘንግ ላይ ፕላስተር ጠቅልላችሁ ምልክት አድርጉ። ሳይክሉን ለጠጋኝ ሰጥታችሁ ስትቀበሉ ልኩ ተቀይሮ ልታገኙት ትችላላችሁ።

2. ጎማና ፍሬን ፈትሹ

በክረምት ጎማ ከልክ በላይ አትንፉ። ጠንካራ ጎማ እርጥብ አስፋልት አይዝም። 65 ኪሎ የሚመዝን ሰው 25 ሚሊ ሜትር ጎማ ላይ በደረቅ ጊዜ 80 እና 85 ፒ.ኤስ.አይ. (የጎማ ግፊት መለኪያ ነው) ከነፋ፣ በዝናብ ቀን ከ5 እስከ 10 ይቀንስ። ጎሚስታ ጋ ስታስነፉ ለመኪና ጎማ እንደሚያደርጉት አየሩን ዝም ብለው እንዳይለቁባችሁ ቆማችሁ እዩ፤ ቀጭን ጎማ በሰከንዶች ይፈነዳል።

ፍሬን ስትይዙ እጀታው የሳይክሉን መሪ የሚነካ ከሆነ ገመዱ ይወጠር። የፍሬን ጎማው ላይ ያለው ቦይ ከጠፋ ቀይሩት። ዛሬ እንጂ ነገ አትበሉ።

3. ልካችሁን እወቁ

የመመሪያው እምብርት እዚህ ጋ ነው። ሌላውን ሁሉ አስተካክላችሁ ይሄን ብትስቱ ክረምቱ ባክኗል።

አብዛኛው ጀማሪ ቀላል ለሚባለው ቀን በጣም ይፈጥናል፤ ለከባዱ ቀን ደግሞ ደክሞት በጣም ይዘገያል። መሃል ላይ ይቀራል። መሃሉ ያደክማል እንጂ ብዙ አያሳድግም።

በወሬ ለኩት። ከጎናችሁ ካለው ሰው ጋር ሳትቆራርጡ እየተጫወታችሁ መንዳት ከቻላችሁ ልክ ላይ ናችሁ። ሁለት ሦስት ቃል ተናግራችሁ ትንፋሽ ካጠራችሁ አልፋችኋል፤ ቀንሱ። መዝፈን ከቻላችሁ ትንሽ ጨምሩ። ብቻችሁን ስትሆኑ ስልክ እንደሚያወራ ሰው ጮክ ብላችሁ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገሩ። መንገደኛ ዞር ብሎ ቢያያችሁም ግድ የለም።

በልብ ምት የምትለኩ ከሆነ ከከፍተኛው ምታችሁ ከ65 እስከ 75 በመቶ ያዙ። ከፍተኛው 195 ለሆነ ሰው ይሄ ከ127 እስከ 146 ነው። «220 ሲቀነስ ዕድሜ» የሚባለው ስሌት ግምት ነው፤ ለአንዳንዱ ሰው በ10 እና ከዚያም በላይ ይስታል። ስለዚህ ስሌቱና ወሬው ሲጋጩ ወሬውን እመኑ። መለኪያ ከሌላችሁ ቆም በሉና ወዲያው ሁለት ጣት አንገታችሁ ላይ አድርጋችሁ ለ15 ሰከንድ ቁጠሩ፤ ያገኛችሁትን በ4 አባዙ። አትዘግዩ፤ ከቆማችሁ በኋላ ምቱ ቶሎ ይወርዳል።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይከብዳሉ፤ የሚከብደው ግን እግር ላይ አይደለም። ከኋላው ጤፍ የጫነ ሰው በከባድ ሳይክል ያልፋችኋል። ይለፋችሁ። ትንሽ ዳገት ላይ ምቱ ሽቅብ ሲወጣ ማርሽ አቅልላችሁ፣ ፍጥነት ቀንሳችሁ ውጡ። ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣም እንደዚያው። የምትጠብቁት ጥረቱን ነው፤ በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር እንደነዳችሁ አትቁጠሩ።

4. ሳምንታችሁን አደራጁ

ባሕር ዳር ላይ በክረምት ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላና ሌሊት ይወርዳል። ጠዋት ይሻላል። ነፋሱም ከሐይቁ የሚነሣው ፀሐይ ምድሩን ካሞቀች በኋላ ነው። ስለዚህ ብርሃን እንደወጣ፣ ከጠዋቱ 12፡15 አካባቢ ተነሡ። በጨለማ አትውጡ።

እኔ የምመክረው ሳምንት ይሄን ይመስላል፦

- ሰኞ፦ ሙሉ ዕረፍት።
- ማክሰኞ፦ ቀላል ጉዞ፣ ከፔዳል ዙር ልምምድ ጋር (ቁጥር 7)።
- ረቡዕ፦ ቤት ውስጥ የጥንካሬ ልምምድ፣ 40 ደቂቃ።
- ሐሙስ፦ ቀላል ጉዞ።
- ዓርብ፦ የጥንካሬ ልምምድ ወይም ዕረፍት።
- ቅዳሜ፦ ረጅሙ ጉዞ።
- እሑድ፦ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቀላል ጉዞ።

ረቡዕና ዓርብን ከሳይክል ያወጣሁት በጾም ምክንያት ነው፤ የማትጾሙ ቀኑን እንደሚመቻችሁ አዟዙሩት። የማይቀየረው አንድ ነገር አለ፦ ሁለት የሚያደክሙ ቀናት አይከታተሉ። ሰውነት የሚጠነክረው በሚያርፍበት ሰዓት ነው።

5. ሰዓቱን ቀስ በቀስ ጨምሩ

ከታች ያለው በሳምንት ሳይክል ላይ የምትቀመጡበት ጠቅላላ ሰዓት ነው። የጥንካሬው ልምምድ አልተቆጠረም።

- ሳምንት 1፣ 2፣ 3፦ 5፣ 5 ተኩል፣ 6 ሰዓት። ሳምንት 4፦ 4 ሰዓት።
- ሳምንት 5፣ 6፣ 7፦ 6፣ 7፣ 7 ተኩል። ሳምንት 8፦ 5።
- ሳምንት 9፣ 10፣ 11፦ 7 ተኩል፣ 8፣ 9። ሳምንት 12፦ 6።

የመጀመሪያው ሳምንት ሲበተን፦ ማክሰኞ 1 ሰዓት፣ ሐሙስ 1 ሰዓት፣ ቅዳሜ 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ፣ እሑድ 1 ሰዓት ከ15። በ11ኛው ሳምንት ቅዳሜ 3 ሰዓት ከሩብ ይደርሳል።

በ4ኛው፣ በ8ኛውና በ12ኛው ሳምንት ሰዓቱ የሚወርደው ሆን ተብሎ ነው። ጡንቻ ቶሎ ይለምዳል፤ ጅማት ግን ይዘገያል። እግራችሁ «እችላለሁ» እያለ ጉልበት የሚጎዳው በዚህ ልዩነት ነው። የዕረፍቱን ሳምንት ጥሩ ስሜት ላይ ብትሆኑም አትዝለሉ።

አንድ ቀን ካመለጣችሁ አመለጠ። በማግሥቱ እጥፍ አትንዱ። ሙሉ ሳምንት ካመለጣችሁ ካቆማችሁበት በፊት ወደነበረው ሳምንት ተመለሱ።

6. መንገድ ምረጡ

ለመሠረት ልምምድ፣ በዝግታ አቅም ለምንገነባበት ለዚህ የክረምት ልምምድ፣ ጥሩ መንገድ ማለት ሜዳ፣ አስፋልትና ሳያስቆም የሚያስኬድ ነው። በየመስቀለኛው ከቆማችሁ ልብ አንድ ዓይነት ምት ላይ አይቆይም።

በጎንደር መንገድ የዓባይን ድልድይ ተሻግራችሁ በዘንዘልማ በኩል ወደ ሐሙሲት ውጡ። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። አብዛኛው ሜዳ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰዓታችሁን እያያችሁ መንገድ ላይ ተመለሱ። ሐሙሲት ደርሶ መልስ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ለኋለኞቹ ሳምንታት አቆዩት። ከሐሙሲት አልፎ ወደ ወረታ ሲጠጋ የፎገራ ሜዳ ነው፤ በክረምት ውሃ የሚተኛበት ቦታ ስላለ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

በመሸንቲ በኩል ወደ መራዊ የሚወስደው መንገድ ትንሽ ይወጣል ይወርዳል። ከ5ኛው ሳምንት በኋላ ቀያይሩት። የበዛዊት ዳገት ደግሞ አጭርና ቀጥ ያለ ስለሆነ እስከ 9ኛው ሳምንት አትንኩት። ከዚያ በኋላም በቀላል ማርሽ፣ ኮርቻ ላይ ተቀምጣችሁ፣ በሳምንት አንዴ ብቻ።

ሰዓት ላጠረው ቀን ከተማ ውስጥ በሐይቁ ዳር ያሉት ዘንባባ የተተከለባቸው ሰፋፊ መንገዶች ይበቃሉ። ገና ሰው ሳይበዛ ግን።

ጥንቃቄ፦ ከከተማ ከመውጣታችሁ በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን በዚያ መስመር የሚመላለሱ ሹፌሮችን ጠይቁ። የት እንደምትሄዱና በስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ለቤት ሰው ተናገሩ። ጥርጣሬ ካለ በዚያ ቀን ከከተማ አትውጡ።

ቅዳሜ የባሕር ዳር ገበያ ነው። በማለዳ ከገጠር የሚገባው ሰውና አህያ ጠርዙን ይይዛል። የተጫነ አህያ ደወል ሰምቶ መንገድ አይለቅም፤ ሊዞርባችሁም ይችላል። ባለቤቱን ከሩቅ በድምፅ ጥሩና በሰፊው ዞራችሁ እለፉ።

7. ፔዳሉን ማዞር ተማሩ

ብዙ ልጅ ማርሽ አክብዶ በጉልበት መግፋት ይወዳል። ጠንካራ ያስመስላል፤ ጉልበትን ግን ያደክማል፣ በውድድር ላይም ድንገት መፍጠን ያቅታል። በደቂቃ ከ85 እስከ 95 ዙር ልመዱ።

የቀኝ ጉልበታችሁ ወደ ላይ የመጣበትን ለ15 ሰከንድ ቁጠሩ። ከ21 እስከ 24 ከሆነ ልክ ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ 15 ደቂቃ ከሞቃችሁ በኋላ ማርሹን አቅልላችሁ ለ1 ደቂቃ ዙሩን ወደ 100 እና 110 አውጡ፤ 3 ደቂቃ በተለመደው ንዱ። ይሄን 6 ጊዜ። ኮርቻ ላይ መዝለል ከጀመራችሁ ዙሩ በዝቷል፤ ሳትዘሉ የምትችሉበት ድረስ አውርዱ። እዚህ ላይ የሚሠራው አእምሮና ጡንቻ መግባባቱ ነው፤ ጉልበት አታውጡበት።

8. በሳምንት ሁለት ቀን የጥንካሬ ልምምድ ሥሩ

ጂም አያስፈልግም። ምንጣፍ በቂ ነው። ሳይክል ወገብንና ዳሌን ብዙ አያጠነክርም፤ በሦስተኛው ሰዓት ላይ ወገብ የሚያቃጥለው ለዚህ ነው።

- ቁጭ ብድግ፦ 12 ጊዜ፣ 3 ዙር። ተረከዝ ከመሬት አይነሣ፤ ጉልበት ወደ ውስጥ አይጠጋ።
- አንድ እግር ወደ ፊት አራምዶ ዝቅ ማለት፦ በየእግሩ 10፣ 3 ዙር።
- በጀርባ ተኝቶ፣ ጉልበት አጥፎ ዳሌን ማንሣት፦ 15፣ 3 ዙር።
- በክርንና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየት፦ 30 ሰከንድ፣ 3 ጊዜ። በየሳምንቱ 5 ሰከንድ ጨምሩ።

ከአንድ ወር በኋላ ቁጭ ብድጉን ውሃ የሞላ ጀሪካን ደረታችሁ ላይ ይዛችሁ ሥሩ። በ5 ሊትሩ ጀምሩ።

9. ብሉ፣ ጠጡ፤ ጾሙንም በዕቅድ ያዙ

ከአንድ ሰዓት በታች ለሆነ ቀላል ጉዞ ውሃ ይበቃል። ከ1 ሰዓት ተኩል ካለፈ በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት (ምግብ ውስጥ ያለው ኃይል ሰጪ ንጥረ ነገር) ያስፈልጋል። አንድ መካከለኛ ሙዝ 25 ግራም አካባቢ ይሰጣል። ስለዚህ በሰዓት ሁለት ሙዝ፣ ወይም አንድ ሙዝና ቁራሽ ዳቦ በማር። ሳይርባችሁ ጀምሩ፤ ከራባችሁ ዘግይታችኋል። በሶ ከመውጣት አንድ ሰዓት ተኩል ቀደም ብሎ በማር ተበጥብጦ ቢጠጣ ረጅም ሰዓት ይይዛል። መንገድ ላይ ግን ወፍራም በሶ ሆድ ላይ ይከብዳል፤ ቀጠን አድርጉት።

ለኮዳው፦ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 4 ልሙጥ የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ የሻይ ማንኪያ ሩብ ጨው፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ። በሰዓት ግማሽ ሊትር ገደማ ጠጡ። ደመና ስለሆነ አይጠማችሁም፤ ላባችሁ ግን ይወጣል።

ክረምቱ ሁለት ጾም ይዟል። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ይፈታል፤ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው። ሰኔ 15 አካባቢ ከጀመራችሁ 8ኛው፣ የዕረፍቱ ሳምንት፣ ፍልሰታ መሃል ላይ ይወድቃል። በጾም ቀን እህል ሳትቀምሱ ከ1 ሰዓት በላይ አትንዱ፤ ያውም በጣም በቀላሉ። ረጅሙን ጉዞ በሰዓት በማይጾምበት ቅዳሜ አድርጉት። ስትፈቱ መጀመሪያ ውሃ፣ ከዚያ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ድንች፣ ሩዝ በደንብ ብሉ። ጾሙ ሥጋና ወተት ቢከለክልም ጥራጥሬው ጡንቻን ለመጠገን የሚሆን ፕሮቲን አለው፤ ችግር የሚመጣው መጠኑ ሲያንስ ነው። ስትነዱ እጃችሁ ከተንቀጠቀጠ፣ ቀዝቃዛ ላብ ካላባችሁ ወይም ዓይናችሁ ከጨለመ ወዲያው ወርዳችሁ ተቀመጡ፤ ጣፋጭ ነገር ቅመሱ። ያን ቀን ልምምዱ አልቋል።

10. እርጥብ መንገድ ላይ ተጠንቅቃችሁ ንዱ

ቸርኬው ላይ በሚይዝ ፍሬን፣ ቸርኬው እርጥብ ሲሆን የመጀመሪያው ዙር ውሃውን ጠርጎ ብቻ ያልፋል። ከዚያ በኋላ ነው የሚይዘው። ስለዚህ ከወትሮው ቀደም ብላችሁ፣ በሁለቱም እጅ፣ ቀስ አድርጋችሁ ያዙ። ኩርባ ከመግባታችሁ በፊት ፍጥነት ቀንሱ፤ ኩርባው ውስጥ ፍሬን አትያዙ።

ነጭ ቀለም የተቀባ መስመርና የብረት ክዳን በዝናብ ያንሸራትታል። ኩሬ የሠራ ውሃ ውስጥ አትግቡ፤ ከሥሩ ምን ያህል ጉድጓድ እንዳለ አይታይም። ከሁሉም የሚብሰው ዋልካ ነው። የገጠር መንገድ አስፋልቱን በሚገናኝበት አፍ ላይ ጋሪና ትራክተር ያወጡት ጥቁር ጭቃ ይነጠፋል። ሳይደርቅ የደረቀ ይመስላል፣ ሲረጥብ ደግሞ እንደ ሳሙና ነው። ጎማና ፍሬን መካከል ሲጠቀጠቅ ጎማው መዞር ሁሉ ያቆማል። ከሩቅ ስታዩት ቀጥ ብላችሁ፣ ሳትጠመዝዙና ሳትረግጡ እለፉት፤ ከቆለፈ በእንጨት ፍቁት እንጂ በግድ አትግፉ።

ጥንቃቄ፦ ነጎድጓድ ከሰማችሁ ልምምዱ እዚያው ያቆማል። ዛፍ ሥር አትጠለሉ፤ ሐይቁ ዳር ገላጣ ቦታም አትቁሙ። ቤት ወይም መኪና ውስጥ ግቡ። የመጨረሻውን ነጎድጓድ ከሰማችሁ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትውጡ።

ጥንቃቄ፦ ከአይሱዙ ወይም ከባጃጅ ኋላ ተጠግታችሁ ነፋስ አትከለሉ። ፍሬን ሲይዝ እናንተ በእርጥብ ጎማ አትደርሱበትም።

ጥንቃቄ፦ ማለዳ ውሻ ይበዛል። ከሮጠባችሁ ውረዱና ሳይክሉን በመካከላችሁ አድርጉ። ከነከሳችሁ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ አይድንም፤ ክትባቱ ግን ቶሎ ከተጀመረ ይከላከለዋል።

11. ስትመለሱ

መጀመሪያ እርጥቡን ልብስ አውልቁ። ላብ የያዘ ቁምጣ ለብሶ ቁርስ መብላት መቀመጫ ላይ ቁስል ያመጣል። ቁምጣውን በየቀኑ እጠቡ።

ቀጥሎ ሳይክሉ። ውሃ በባልዲ አፍስሱበት፤ በኃይል የሚረጭ የመኪና ማጠቢያ ግን ውስጥ ያለውን ግራሶ ያወጣል። ካቴናውን በብሩሽ ፍቁና በጨርቅ አድርቁት። ቀጭን ዘይት በየመገጣጠሚያው ጠብ አድርጉ፣ አዙሩት፣ ከዚያ ከላይ ያለውን ጥረጉ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት አታድርጉ። አሸዋ ይይዛል፤ አሸዋው ደግሞ ካቴናውንና ጥርሱን ይበላል።

ሳይክሉንም እግራችሁንም ጣና ወይም ዓባይ ገብታችሁ አትጠቡ። ዳርቻው ላይ ቢልሃርዚያ አለ፤ በቆዳ ነው የሚገባው።

12. መዝግቡ፣ ለኩ

በየጠዋቱ ከአልጋ ሳትነሡ የልብ ምታችሁን ቁጠሩና ጻፉ። ከተለመደው በ7 እና በ8 ከፍ ብሎ ሁለት ቀን ከቆየ ዕረፍት አድርጉ፤ ወይ ደክማችኋል ወይ በሽታ እየጀመራችሁ ነው።

በ1ኛው፣ በ4ኛው፣ በ8ኛውና በ12ኛው ሳምንት አንድ ፈተና አድርጉ። ነፋስ በሌለበት ማለዳ፣ አንድ ዓይነት መንገድ ላይ፣ 20 ደቂቃ ከሞቃችሁ በኋላ በአንድ ዓይነት የልብ ምት፣ ለምሳሌ በ140፣ 40 ደቂቃ ንዱ። የሄዳችሁበትን ርቀት መዝግቡ። በዚያው ምት ርቀቱ እየጨመረ ከሄደ ልምምዱ እየሠራ ነው።

ሌላም ምልክት አለ። ረጅሙን ጉዞ በእኩል ፍጥነት ስትነዱ በመጀመሪያው ግማሽ አማካይ ምታችሁ 136 ሆኖ በሁለተኛው 150 ከሆነ መሠረቱ ገና ነው። ልዩነቱ ከ5 በመቶ በታች ሲወርድ ሰውነት ሰዓቱን ለምዶታል።

በብዛት የሚሠሩ ስሕተቶች

በቡድን ወጥቶ መሽቀዳደም ዋናው ነው። አራት ሆናችሁ ትወጣላችሁ፤ ድልድዩን እንደተሻገራችሁ አንዱ ትንሽ ይጨምራል፣ ሌላው አልቀርም ይላል፣ ሐሙሲት ሳትደርሱ ሁሉም እያለከለከ ነው። ከመነሣታችሁ በፊት ተስማሙ፦ ፊት የሚነዳው በቡድኑ ውስጥ ከሁሉም ደካማው ይሁን፤ ማንም አይለፈው።

ለመቅለል ብሎ ምግብ መቀነስም አለ። ልምምድ እየጨመረ ምግብ ከቀነሰ ሕመም ይደጋገማል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ የሴቶች የወር አበባም ሊቋረጥ ይችላል። ከተቋረጠ ሐኪም ጋ መሄድ ነው እንጂ እስኪመለስ መጠበቅ አይደለም።

ትኩሳት ይዞ መውጣት። ክረምቱ ሲወጣ ባሕር ዳር ላይ ወባ ይበረታል። ብርድ ብርድ ካላችሁ፣ መገጣጠሚያችሁን ከቆረጠማችሁ «የልምምድ ድካም ነው» አትበሉ፤ ተመርመሩ። መድኃኒቱን ጨርሳችሁ ትኩሳቱ ከለቀቃችሁ በኋላም የመጀመሪያው ሳምንት ከ30 ደቂቃ አይብለጥ። አጎበር ውስጥ መተኛትም የልምምዱ አካል ነው።

አዲስ ጫማ፣ አዲስ ኮርቻ፣ አዲስ ፔዳል በአንድ ሳምንት መቀየር። ሕመም ሲመጣ ከየትኛው እንደሆነ አታውቁም። በሁለት ሳምንት አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ።

በ12ኛው ሳምንት ፈተናውን ጨርሳችሁ ቁጥሩ ከ1ኛው ከተሻለ ከመስከረም ሁለተኛ ሳምንት ጀምሮ ፈጣን ልምምድ ማስገባት ትችላላችሁ። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ፣ ሐሙስ ላይ፦ 20 ደቂቃ ከሞቃችሁ በኋላ ወሬ የሚቆራርጥ ፍጥነት ለ8 ደቂቃ፣ ከዚያ 5 ደቂቃ ቀላል፤ ይሄን 3 ጊዜ። ሌሎቹ ቀናት እንደ ክረምቱ ይቀጥላሉ። ቁጥሩ ካልተሻለ ከ9ኛው እስከ 12ኛው ያሉትን አራት ሳምንታት ድገሙና እንደገና ለኩ።